አበባው ያለበት መታጠፊያ

ችግኝ በሚሸጥበት ግቢ ውስጥ፣ በሁለት ረድፍ አበቦች መካከል ባለች ጠባብ መተላለፊያ፣ አንድ ግዙፍ ሰው የኋሊት እየሄደ መጣና በጀርባው ገጨኝ። መግጨቱስ ይሁን፤ ያስገረመኝ ከገጨኝ በኋላም አለመዞሩ ነው። አንገቱን ብቻ ጠምዘዝ አድርጎ፣

«ይቅርታ ወንድሜ፣ ከኋላዬ ሰው ያለ አልመሰለኝም» አለኝ።

«ዞር ብለህ ብትሄድ እኮ ታየኝ ነበር።»

«እዚህ?» አለ ከምሩ። መተላለፊያዋን ከዳር እስከ ዳር በዓይኑ ለካት። «እዚህ እንዴት ተደርጎ ይዞራል?»

ችግኝ ሻጯ ከወዲያ ሆና ሳቀች። «ተወው፣ አትድከም። ባለፈው ሲመጣም እንደዚሁ የኋሊት ነው የወጣው።»

ሰውዬው ሁለት የጽጌረዳ ችግኝ እንደ መንታ ሕፃን ደረቱ ላይ አቅፏል። ቱታው ከመታጠብ ብዛት ቀለሙን ለቋል፤ ጉልበቱ ላይ ያለው የግራሶ ምልክት ግን ሳሙናን አሸንፎ ቁጭ ብሏል። ሻጯ የቀሩትን ችግኞች እስክታዘጋጅለት ድረስ አንድ የተገለበጠ ሣጥን ላይ ተቀመጠ፤ እኔም አጠገቡ። ወሬ የሚወድ ሰውና ወሬ ያለው ሰው ጎን ለጎን ከተቀመጡ መቼም ዝም አይባልም። ያወጋኝ ይኸው።

የሥራ ጓደኞቹ «ሰፊ ዙር» ይሉታል። ሥራው ትንሽ ሎደር መንዳት ነው፤ ያቺ ከፊቷ አካፋ ያላት፣ በአራት ጎማ ፈንታ በግራና በቀኝ በሰፋፊ የላስቲክ ሰንሰለት የምትሄድ ማሽን። ትልልቆቹ ማሽኖች አፍረው የሚመለሱበት ቦታ እሷ ትገባለች። ጭቃ አይዛት፣ ኮረት አይመልሳት። አንድ ክፉ አመል ግን አለባት፤ ሰንሰለቷ ይወልቃል።

የሚወልቀው ደግሞ በአብዛኛው ከነጂው የተነሳ ነው። አንደኛውን ሰንሰለት ወደፊት፣ ሌላውን ወደኋላ የሰጧት እንደሆነ ባለችበት እንደ እንዝርት ትሾራለች። ወጣት ኦፕሬተሮች ይህን ሲያደርጉ ደስታቸው ነው፤ ያምራላ! ሜዳ ላይ ከሆነ ምንም አይል። ድንጋያማ ዳገት ላይ ግን ሰንሰለቱ ወደ ጎን ይጎተታል፤ በሰንሰለቱና ከውስጥ በሚያሽከረክሩት ጎማዎች መሀል ጠጠር ይሰነቀራል፤ ከዚያ ላላ ያለ ጫማ ጭቃ ውስጥ እንደሚቀረው ሹልክ ብሎ ይወጣል።

ሰፊ ዙር እንዲህ ያለ ነገር አያውቅም። ዳገት ከሆነ ቀጥ ብሎ ይወጣል፣ ቀጥ ብሎ ይወርዳል፤ በአግድሙ አይሄድም። መዞር ያለበት እንደሆነ ጥቂት ወደፊት፣ ጥቂት ወደኋላ፣ እንደገና ወደፊት እያለ፣ ሙሽራ የጫነ ይመስል በሰፊው ይዞራል፤ ቦታ ከጠበበው ግን ሳይዞር የኋሊት ይወጣል። ጠዋት ጠዋት ሥራ ሳይጀምር ማሽኗን ከመሬት ብድግ አድርጎ እጁን ከሰንሰለቱ ሥር ይሰዳል። ምን ያህል እንደላላ የሚያውቀው በመዳፉ ነው። «ቀበቶ ማለት ነው» ይላል። «ሲላላ ሱሪ ያስወልቃል፣ ሲጠብቅ ሆድ ይቆርጣል።» ማታ ደግሞ ጫፉ በተቆለመመ ረጅም ብረት በጎማዎቹ መሀል የተጠቀጠቀውን ጭቃና ጠጠር አንድ በአንድ ይፍቃል። ይህችን ብረት ልብ በሉልኝ፤ እመለስባታለሁ።

ጓደኞቹ ታዲያ ይተርቡታል። «ሰፊ ዙር፣ አንተ ዞረህ እስክትመጣ እኛ ምሳችንን በልተን እንነሳለን!»

«ብሉ፣ ብሉ። ከምሳ በኋላ ሰንሰለታችሁን ስትለቅሙ እኔ ደግሞ ሻይዬን እጠጣለሁ።»

ይህ አነዳድ ቀስ በቀስ ከማሽኗ ወርዶ ሰውዬው ላይ ወጣ። ቤቱ ውስጥ፣ ጠባቧ ወጥ ቤት ሲገባ በፊቱ ነው፤ ሲወጣ በጀርባው። ባለቤቱ መምህርት ናት፤ ትንንሽ ልጆችን ፊደል ስታስቆጥር የኖረች፣ ምላሷ የማይተኛ ሴት። እንግዳ ሲመጣ «አይዟችሁ፣ አትደንግጡ፤ ባሌ የኋላ ማርሽ አለው» ትላለች።

እሱም እንግዳ ካየ የሚያወራው አንድ ታሪክ አለው። ሥራ በጀመረ ሰሞን፣ ገና ጢሙ በወጉ ሳይወጣ፣ ወንዝ ዳር ሰንሰለት ወልቆበት ከአንድ ሽማግሌ ኦፕሬተር ጋር እንዴት እንደመለሱት። መጀመሪያ ምን እንዳደረጉ፣ ቀጥሎ ምን፣ ሽማግሌው እንዴት እንደተሳደበ፣ ግራሶው እንዴት ፊቱን እንደቀባው። ከዚያ ወዲህ ወልቆበት አያውቅምና ታሪኩ ያችው አንዷ ናት። መምህርቷ ከጀርባው ሆና ቃል ሳትስት በከንፈሯ ትከተለዋለች፤ እንግዶቹ የሚስቁት በታሪኩ ሳይሆን በእሷ ከንፈር ነው። እሱ እስከዛሬ በታሪኩ ይመስለዋል።

ቤታቸው ዳገት ላይ ነው። ከታች ካለው መንገድ እስከ ደጃፋቸው ድረስ የእግር መንገድ ብቻ ነበር፤ ድንጋዩ ያፈጠጠ፣ ዝናብ ሲነካው ሳሙና የሚሆን። መምህርቷ ከትምህርት ቤት ስትመለስ እዚያች ድንጋይ ላይ ተንሸራተተችና የዳሌዋ አጥንት ተሰበረ። ሐኪም ቤት ገባች፣ ቀዶ ጥገና ተደረገላት፣ ደህና ሆነች። መውጫዋ ሲደርስ ጥያቄው አንድ ብቻ ሆነ፤ በምን ትወጣለች?

ታላቅ እህቷ መልሱን ጨርሳዋለች። «እኔ ጋ ነዋ! ክፍሉን አሰናድቻለሁ፤ መጋረጃ ሳይቀር ቀይሬያለሁ። እምቢ ካልሽ ደግሞ አራት ጎረምሳ በወንበር ተሸክሞ ያወጣሻል።»

«እታለም፣ እኔ እንደ ቁም ሣጥን በሰው ትከሻ ቤቴ አልገባም።»

እህትየው ከወጣች በኋላ መምህርቷ የባሏን እጅጌ ያዘች። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ሐኪሙ ምን እንዳለ ሰምተሃል» አለችው። «እግሬ የሚመለሰው ስራመድበት ነው። እሷ ቤት ከገባሁ ከአልጋ መነሳት ክልክል ነው። ታውቃታለህ፤ ተንከባክባ ነው የምትጨርሰኝ። ቤቴ አስገባኝ።»

«አስገባሻለሁ።»

«ጽጌረዳዎቼስ?»

«ውሃ አልነፈግኳቸውም። የዳሯ አብባለች።»

ጽጌረዳዎቹ ከደጃፋቸው በፊት ባለው መጨረሻ መታጠፊያ ላይ በረድፍ የተተከሉ ናቸው። ቦታው አፈር አልነበረውም፤ በባልዲ አፈር እያመላለሰች፣ እየደረቀባት እንደገና እየተከለች ያጸደቀቻቸው ናቸው።

«በማሽንህ እንዳትጨፈልቃቸው» አለችው።

«እኔ? አንድ ቅጠል ከተነካ ስሜን ቀይሪው!»

ቃል እንዲህ በቀላሉ ይወጣል።

ማሽኖቹን የምታከራየው አለቃው ብዙ አላንገራገረችም። «ለአንተ ካልሰጠሁ ለማን ልሰጥ ነው? እሁድን ውሰዳት። ሰኞ ጠዋት ግን ሩቅ ቦታ ትሄዳለች፤ ከዚያ ዝናቡ ሳይገባ አትመለስም። ዳገት ላይ ሰንሰለቷን ጥላ ተቀምጣለች የሚል ወሬ እንዳልሰማ።»

«የእኔ ሰንሰለት?»

«አውቃለሁ፣ አውቃለሁ» አለች አለቃዋ። «ሰው ለሚስቱ ሲሠራ ግን ይቸኩላል።»

እሁድ ገና ጎህ ሲቀድ ሥራ ተጀመረ። ጎረቤቱ አናጺ ከፊት ከፊት እየሄደ ያፈጠጡትን ድንጋዮች ያሳየዋል፤ እሱ ይቆርጣል፣ ይሞላል፣ ይደለድላል። ቀጥ ብሎ ይወጣል፣ ቀጥ ብሎ ይወርዳል። አናጺው መጠበቅ ሲሰለቸው፣ «እንዴ፣ እዚያው ላይ ቁልምም ብታደርጋት ምናለበት? ቀኑ መሸ እኮ!» ይለዋል።

«አንተ ሚስማርህን ምታ።»

ከሰዓት በኋላ መንገዱ ከታች እስከ መጨረሻው መታጠፊያ ድረስ መኪና የሚያስኬድ ሆነ። የቀረችው መታጠፊያዋ ብቻ ናት። በአንድ በኩል አለት፣ በሌላው በኩል ቁልቁለት፣ ከመሀል የመምህርቷ ጽጌረዳዎች። ሰፊ ዙር ማሽኗን አቁሞ አየ። እንደ ልማዱ በሰፊው ከዞረ የቀኙ ሰንሰለት በአበባው ረድፍ ላይ ያልፋል። የኋሊት እንዳይወርድ አካፋው በድንጋይ ሞልቷል፤ ድንጋዩ ከመታጠፊያው ወዲያ ነው የሚፈለገው።

ይህን ሲያወጣ ሲያወርድ ከታች የመኪና ጡሩምባ ተሰማ። ቀድመው መጡ! መምህርቷ «ቤቴ ውሰጂኝ» ብላ እህቷን ቀኑን ሙሉ ስትነዘንዝ ውላ ነው። ጡሩምባው እንደገና ጮኸ፤ ረዘም አድርጎ። የማን እጅ እንደሆነ ከድምፁ አወቀው።

እና ምን ልበላችሁ፣ ሰፊ ዙር ዕድሜ ልኩን ሲያወግዘው የኖረውን አደረገ። በጎን ተዳፋት ላይ፣ አካፋው ድንጋይ ተሸክሞ፣ አንዱን ሰንሰለት ወደፊት፣ ሌላውን ወደኋላ ሰጣት። አበባውን ሳይነካ ባለበት ሊያሾራት። ማሽኗ ግማሽ ያህል ዞረች። ከዚያ ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ መጣ፣ ጠጠር ሲሰነቀር፤ ከዚያም አንድ ጊዜ «ጧ!» ብሎ ወደ ግራ ዘመም አለች። ሞተሩን አጠፋ። ወርዶ ማየት አላስፈለገውም፤ ወርዶ ግን አየ። የግራው ሰንሰለት ከፊተኛው ጎማ ወጥቶ እንደ ደከመ ምላስ ተዘርግቷል።

«ምነው? ቆመች እንዴ?» አለ አናጺው።

«ወለቀ።»

«ምኑ?»

«ሰንሰለቱ ነዋ!»

«ያንተ?»

አናጺው ቀልደኛ ሰው ነው፤ ያን ጊዜ ግን አልሳቀም። ኮፍያውን አውልቆ ቆመ፣ ሰው የሞተ ይመስል።

መኪናዋ አዲሱን መንገድ ይዛ፣ ቀስ እያለች ወጥታ ከማሽኗ ኋላ ቆመች። እህትየው ናት የምትነዳው። አንገቷን በመስኮት አወጣች። «አላልኩሽም? ይኸው! መንገዱን የዘጋው ራሱ መንገድ ሠሪው! በይ እንመለስ፣ አልጋው ተነጥፏል።»

«እታለም፣ ሞተሩን አጥፊ።»

«አንቺ ልጅ...»

«አጥፊውና በሩን ክፈችልኝ፤ ልይ።»

በተከፈተው የመኪና በር፣ ከዘራዋን ጉልበቷ ላይ አጋድማ፣ መምህርቷ የባሏን ሥራ ለመጀመሪያ ጊዜ በዓይኗ አየች። ስንት ዘመን ሙሉ በወሬ ብቻ ታውቀው የነበረውን። እሱ ግን ቀና ብሎ ሊያያት አልደፈረም። ዲጂኖውን አንስቶ ሰንሰለቱን ወደ ጎማው ሊመልሰው ይታገላል። ይጭናል፣ አይገባም። ያቃናል፣ ይመለሳል። አናጺው በወዲያ በኩል ይገፋል። ላብ በላብ ሆኑ። ጆሮው ሳይቀር ቀላ። ማሽኗ ሰኞ ትሄዳለች፣ ዝናብ ይመጣል፣ ሚስቱ መጋረጃው የተቀየረ ክፍል ውስጥ ትተኛለች፣ እግሯም እዚያው ይተኛል። ይህን ሁሉ እያሰበ ይጭናል፤ አይገባም።

«አንተ ሰውዬ!» አለች መምህርቷ።

«እ?»

«ግራሶውን አልለቀቅህም።»

ሰፊ ዙር ዲጂኖውን እንደያዘ ደርቆ ቀረ። እውነቷን ነው። ሰንሰለቱን ወጥሮ የሚይዘው የፊተኛው ጎማ ነው፤ ጎማውን ወደፊት የሚገፋው ደግሞ ከኋላው የተሞላ ግራሶ። ግራሶው ካልወጣ ጎማው ወደኋላ አይልም፤ ጎማው ወደኋላ ካላለ አንድ መንደር ሰው ተሰብስቦ ቢገፋም ሰንሰለት አይገባም። ይህን የማያውቅ ኦፕሬተር የለም። እሱ ግን እንዳይወልቅ ማድረግ እንጂ የወለቀ መመለስ ከተወ ስንት ዘመኑ ነው። ደግሞም ደንግጧል።

«አንቺ ይህን ከየት አወቅሽው?»

«ከየት አወቅሽው ይለኛል! በመጣው እንግዳ ሁሉ ፊት ስታወራው እኔ የት የነበርኩ መሰለህ? በል ከመጀመሪያው ጀምር። ድንጋዩን ዘርግፍ። አካፋውን መሬት ላይ ተጫነውና ፊቷን ወደ ላይ አንሳት።»

አነሳት።

«አሁን ሽማግሌው ምን አለህ?»

«ሽማግሌው...» አለ ሰፊ ዙር፤ ፈገግታ ሊያመልጠው ደረሰ። «‹ያለ ድጋፍ እግርህን ከሥሯ ብታስገባ እናትህ ያለ ልጅ ትቀራለች› አለኝ።»

«እሱ የተናገረውማ ከዚህ የባሰ ነበር፤ እህቴ ስላለች ነው ያለዘብከው። ድጋፍ!»

አናጺው እየሮጠ ሄዶ ለበር መቃን ያስቀመጠውን ወፍራም ሣንቃ አመጣ። ሲያስገባው እንደ ልጁ አዘነለት።

«ግራሶው ሲለቀቅ ፊትህን አዙር» አለች መምህርቷ።

ይህችን እንኳ አልረሳቻትም፤ በታሪኩ ግራሶ የቀባውን የወጣትነቱን ፊት ታስታውሰዋለች። ግራሶው ወጣ፣ ጎማው ወደኋላ አለ። አሁን ሰንሰለቱን ከማስገባት በፊት በጎማዎቹ መሀል የተሰነቀረው ጠጠር መለቀም አለበት። ሰፊ ዙር ከወንበሩ ኋላ ያቺን ረጅም ብረት መዘዘና መፋቅ ጀመረ።

መምህርቷ ወደፊት ዘንበል አለች። «ቆይ፣ ቆይ። ያ ምንድን ነው የያዝከው?»

«ምን? ብረት ነው።»

«ወደዚህ አዙረው።»

አላዞረውም። እህትየው ግን አይታ ነበር። ከመኪናዋ ዘላ ወረደች፣ ድምፅዋ ዳገቱን አናወጠው። «ጭልፋው! የሠርግሽ ጭልፋ! ስንት ዘመን ‹ወስደሽ አስቀረሽው› ስትዪኝ የኖርሽው ጭልፋ! ለዚህ ጭልፋ ብዬ ስንት ግብዣ ቀርቻለሁ!»

«እታለም...»

«እታለም አትበዪኝ! ይኸው ሌባሽ፣ ባልሽ!»

ሰፊ ዙር ጭልፋውን ይዞ በመሀላቸው ቆመ። «እትዬ፣ ልመልሰው ብዬ ነበር። ከዚያ ተጣመመ። ተጣሞ ሲመለስ ደግሞ...» አለና ጭልፋውን አገላብጦ አየው። «ጠጠር ለማውጣት እንደሱ የሚሆን ነገር ግን የለም።»

መጀመሪያ የሳቀችው መምህርቷ ናት። እየሳቀች ዳሌዋን ያዘች፣ «አመመኝ» እያለች ሳቀች። እህትየው ልትቆጣ አፏን ከፈተችና ሳቁ ቀደማት። አናጺው ኮፍያውን መልሶ አጠለቀ፤ ለቅሶው አበቃ። ከዚያ በኋላ ሥራው እንዴት እንደቀለለ! እህትየው ሳትቀር ቀሚሷን ሰብስባ ሰንሰለቱን ከጫፍ ያዘች። መጀመሪያ በኋላው ባለጥርስ ጎማ ላይ አስቀመጡት፤ ከፊት በዲጂኖ እያቃኑ፣ ማሽኗን ትንሽ ትንሽ እያሽከረከሩ፣ ሳያስቡት ጥልቅ ብሎ ገባ። ግራሶው እንደገና ተሞላ። ሰፊ ዙር እጁን ከሥሩ ሰደደ፣ በመዳፉ ለካው፤ ትንሽ ጨመረ፣ እንደገና ለካ።

ወንበሩ ላይ ወጣና መታጠፊያዋን አየ። ጽጌረዳዎቹን አየ። ሚስቱን አየ።

«ምን ትጠብቃለህ?» አለችው።

«አበባሽ...»

«ዙር።»

«ቃል ገብቼልሽ...»

«ስምህን ቀይሬዋለሁ! አበባው ሌላ ይተከላል። እኔ ግን ሌላ ሰዓት እዚህ መኪና ውስጥ ከተቀመጥኩ ሥር ላወጣ ነው። በሰፊው ዙር፣ እንደምታውቀው!»

ዞረ። ጥቂት ወደፊት፣ ጥቂት ወደኋላ፣ እንደገና ወደፊት። የቀኙ ሰንሰለት በአበባው ረድፍ ላይ ቀስ ብሎ አለፈ። ሰፊ ዙር ወደ ታች አላየም፤ የዘረገፈውን ድንጋይ አፍሶ ከመታጠፊያው ወዲያ ደለደለ። ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል መኪናዋ በጽጌረዳ ቅጠል ላይ ሄዳ ደጃፋቸው ላይ ቆመች፤ መምህርቷም በአንድ እጇ ከዘራዋን፣ በሌላው የባሏን ክንድ ይዛ በራሷ እግር ቤቷ ገባች። ማሽኗ ሰኞ ጠዋት ወደ ተባለችበት ሄደች። ስለ ሰንሰለቱ ወሬ ቀድሟት ደርሶ ነበር፤ አናጺ ያየውን ነገር ማን ያስቀረዋል! ጭልፋውን እህትየው ይዛው ሄዳለች። «ለእኔ ይገባኛል» አለች፤ ማንም አልተከራከራትም።

ሻጯ ችግኞቹን በላስቲክ ጠቅልላ አመጣችለት። ሰፊ ዙር አንድ በአንድ እየተቀበለ አቀፋቸው። እኔም ተነሳሁና፣ «እዚያው መታጠፊያው ላይ ነው የምትተክላቸው?» አልኩት።

«እሷ እዚያው ይሁን ትላለች። ‹ከእንግዲህ እኔን የጫነ መኪና እዚህ አይመጣም፤ በእግሬ ነው የምወጣው› ብላኛለች። እውነቷን ነው፤ ትናንት እስከ መታጠፊያው ደርሳ ተመልሳለች።» ከኋላው በመተላለፊያዋ ሰው አለመኖሩን አጣራና የኋሊት መሄድ ጀመረ። «እኔ ግን ከመንገዱ ራቅ አድርጌ ነው የምቆፍረው። አሁን እሷም በከዘራ ስትዞር ሳያት፣ ዙሯ ሰፍቷል።»